በ«መኪና ግርግር» መንገድ የተነሳ ፎቶ፦ ለአንዲት ጀማሪ የውድድር ሥራ አስተያየት የተሰጠበት ሁኔታ

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚመለከተው በሐረር ከተማ ለወጣት ፎቶ አንሺዎች በተዘጋጀ አነስተኛ ውድድር ላይ የቀረበን አንድ ፎቶ ነው። ፎቶውን ያነሳችው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፣ ከዚያ በፊት ከቤተሰብ ሠርግና ከበዓል ፎቶ ያለፈ ሥራ ለሰው አሳይታ አታውቅም፤ ካሜራም የላትም፣ የምትሠራው በስልኳ ብቻ ነው። እኔ ከሦስቱ ገምጋሚዎች አንዱ ነበርኩ። ውድድሩ አሸናፊዎችን ከመምረጥ ባሻገር ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የጽሑፍ አስተያየት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ቃል ገብቶ ስለነበር፣ ገምጋሚዎቹ ውጤት ከመሙላት የከበደ ሥራ ይጠብቀን ነበር። የልጅቷን ጉዳይ ለይቼ የማቀርበው፣ አንድን የጀማሪ ሥራ ከመተቸት በፊት ምን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ አጉልቶ ያሳየ ስለሆነ ነው። የጻፍኩት በእሷና በአጎቷ ፈቃድ ሲሆን የማንንም ስም አልጠቅስም።

ፎቶው

የውድድሩ ርዕስ የእጅ ሥራ ነበር። ፎቶው የተነሳው በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ጊዲር መጋላ ገበያ በሚወስደው፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ነው። ልብስ ሰፊው የልጅቷ እናት ወንድም ናቸው። በሱቃቸው ደጃፍ ከላይ በተወጠረ ሸራ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ በእግር በሚነዳ ጥቁር የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብለው የተማሪ ዩኒፎርም ያጠብባሉ። ሜትር ከአንገታቸው ተንጠልጥሏል፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጨርቁን ወደ መርፌው እየገፉ ነው። ከኋላቸው የቀትር ፀሐይ ያረፈበት መንገድና የማዶው ግድግዳ አለ። በፍሬሙ ግራ ጫፍ ደግሞ ከአንጓው ላይ የተቆረጠ የሴት እጅ የዩኒፎርሙን ሌላኛውን ጫፍ ይዞ ይታያል።

ለውድድሩ የደረሰን ምስል በግልጽ የሚታዩ ችግሮች ነበሩበት። መንገዱ ከመንጣቱ የተነሳ የድንጋዩ ንጣፍም የአላፊው ሰው እግርም አይለይም። የአጎቷ ፊት ሲታይ ይታያል፤ ነገር ግን በቀለም ነጠብጣብ የተሞላና የሻከረ ነው። ምስሉ በጠቅላላው ጥርት ያለ አይደለም። ሌላ ተመልካች ግን ይህን ሁሉ አይቶም ቢሆን ከፎቶው ላይ ቶሎ ዓይኑን አያነሳም፤ ምክንያቱም በሁለት ሰዎች እጅ መካከል የተወጠረው ያ ጨርቅ ፎቶውን ከብዙዎቹ ንጹሕ ግን ባዶ ከሆኑ ሥራዎች የሚለይ ነገር ሰጥቶታል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት አስተያየቶች

አንደኛዋ ገምጋሚ በቅጹ ላይ የጻፈችው «በጣም ቆንጆ ነው፣ በርቺ» የሚል ነበር። ሁለተኛው ገምጋሚ፣ ለረጅም ጊዜ ስቱዲዮ የሠራ ባለሙያ ሲሆን፣ የሚከተለውን ጻፈ፦ «ፊት ጨልሞ በኤዲት በርቷል። ጀርባው ነጭ ሆኖ ጠፍቷል። እጅ ተቆርጧል። ጥራት የለውም። ፍሬሙን በሦስት የመክፈል ሕግ አልተጠበቀም።»

የመጀመሪያው አስተያየት ደግ ነው፤ ነገር ግን የትኛው ነገር ቆንጆ እንደሆነ ስለማይናገር ልጅቷ ነገ ምን እንደምትደግም አታውቅም። በአገራችን ለወጣት ሥራ «በርቺ» ማለት የተለመደ በረከት ስለሆነ ማንም በክፉ አያየውም፤ ይሁን እንጂ ውድድሩ የገባውን ቃል አይፈጽምም። ሁለተኛው ደግሞ ከሞላ ጎደል በእያንዳንዱ ነጥብ ትክክል ነው፤ ጓደኛዬ የተሳሳተበት ቦታ ቢኖር በመጨረሻው ሕግ ላይ ብቻ ነው (ሕጉ ፍሬሙን በቁመትም በአግድምም በሦስት ከፍሎ ዋናውን ነገር ከመሐል ይልቅ በመከፋፈያ መስመሮቹ ላይ ማሳረፍ ነው)፤ እሱም ቢሆን የሚያከራክር እንጂ ስሕተት የሚባል አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። አምስቱ ነጥቦች ስለ ውጤቱ እንጂ ስለ መንስኤው አይናገሩም። አንዲት ጀማሪ «እጅ ተቆርጧል» የሚለውን ስታነብ እጅ መቁረጥ ጥፋት እንደሆነ ትማራለች፤ እጁ ለምን እንደተቆረጠና ሳይቆረጥ የሚቀርበት መንገድ ምን እንደነበረ ግን አትማርም። ከዚህ የባሰው፣ አምስቱ ጉድለቶች እኩል ክብደት ይዘው ስለተደረደሩ፣ ምስሉን በእርግጥ የጎዳው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ስለዚህ አስተያየቱ ከመላኩ በፊት ለልጅቷ ሦስት ጥያቄዎች እንዲቀርቡ ሐሳብ አቀረብኩ፦ ምን ለማሳየት አስበሽ ነበር? ስታነሺ የት ቆመሽ ነበር? ካነሳሽ በኋላስ በምስሉ ላይ ምን አደረግሽበት? ከዚህም ጋር ዋናውን ፋይል እንድትልክ ጠየቅናት። ሁለቱም ተስማሙ።

ከመልሶቿ የተገኘው

ከመልሶቿ ውስጥ መጀመሪያ የተፈታው የጥራት ጉዳይ ነበር። ፎቶውን ለአዘጋጆቹ የላከችው በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ እንጂ እንደ ፋይል አልነበረም፤ ቴሌግራም ደግሞ በተለመደው መንገድ የተላከን ፎቶ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል አሳንሶና ጨምቆ ነው የሚያደርሰው። አዘጋጆቹ የተመረጡትን ሥራዎች በ30 በ40 ሴንቲ ሜትር ለማሳተም አቅደው ነበር። 1280 ፒክስል በ40 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲዘረጋ በአንድ ኢንች 81 ፒክስል ገደማ ብቻ ይደርሳል፤ ለጥሩ ኅትመት የሚፈለገው ግን ወደ 300 የሚጠጋ ነው። ስልኳ የሚያነሳው 4000 በ3000 ፒክስል ነበርና «ጥራት የለውም» የተባለው ነገር በአብዛኛው የተፈጠረው ከማንሳቱ በኋላ በመላኩ ላይ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር የሚፈታው ነገር የልጅቷ ችሎታ ጉድለት ተደርጎ ሊጻፍ ምንም አልቀረውም ነበር።

ዋናውን ፋይል ግን አልላከችም። ምክንያቱን ስትጠየቅ የሰጠችው መልስ ስለ ፎቶው የነበረኝን አመለካከት ሙሉ በሙሉ የቀየረ ነው። «ጋሼ፣ ሴትየዋ ፊቴን እንዳታነሺ ብለውኛል። እንደማጠፋው ነግሬያቸው ነው ያነሳሁት። እጃቸውን ግን መተው አልቻልኩም፤ ዩኒፎርሙ የልጃቸው ነው። ዋናው ላይ ፊታቸው ስላለ አልልከውም፣ ይቅርታ።»

በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል ካሜራ የያዘ እንግዳ የማይጠፋበት ሰፈር ነው፤ በገበያዎቹና በመንገዶቹ ላይ የሚሠሩና የሚገበያዩ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ ፊታቸው እንዳይነሳ መጠየቃቸው የታወቀ ነው፤ ይህን ጥያቄ የማያከብሩ አንሺዎችም፣ ልምድ ያላቸው ሳይቀሩ፣ ብዙ ናቸው። ልጅቷ ማንም ሳያስተምራት ፈቃድ ጠይቃለች፣ የተሰጣትን ገደብ አክብራለች፣ ገደቡንም ለውድድር ሕግ ብላ አልጣሰችም። «እጅ ተቆርጧል» ተብሎ በጉድለት የተመዘገበው ነገር የቃል አክባሪነት ምልክት ነበር። እርግጥ ነው፣ ምክንያቱ መልካም ስለሆነ እጁ በምስሉ ላይ ከመቆረጥ አልዳነም፤ ከአንጓው ላይ የተቆረጠ እጅ ተመልካችን ይረብሻል። ነገር ግን ምክንያቱን ካወቅን ምክሩ ይለወጣል። «እጅ አትቁረጪ» የሚለው ምክር ይቀርና፣ ፊት ሳይገባ እጁ እስከ ክርኑ የሚገባበትን የአቋም ቦታ ከማንሳት በፊት እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ማሳየት ይመጣል።

ፋይሉን በተመለከተ ከስልኳ ላይ የተቆረጠውን ምስል ኤዲት ሳይደረግበት በፋይል መልክ እንድትልክ ተስማማን። ረጅም ጎኑ 2900 ፒክስል ገደማ ነበር፤ በ40 ሴንቲ ሜትር ሲታተም በኢንች ወደ 184 ፒክስል ማለት ነው፤ ይህም በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከአንድ እርምጃ ርቀት ለሚታይ ሥራ በቂ ነው። ምስሉ ሲደርሰን ሌላ ነገር ታወቀ፦ ስልኩ ባነሳው ምስል ላይ መንገዱ አልጠፋም ነበር። ድንጋዩ፣ የሸራው ጥላ፣ የአንዲት አህያ እግርና የጭነቷ ጠርዝ በግልጽ ይታዩ ነበር። የጨለመው የአጎቷ ፊት ብቻ ነው። መንገዱን ያጠፋችው በኋላ በኤዲት ሁሉንም አንድ ላይ ስታበራ ነው።

በቦታው ላይ

የብርሃኑን ጉዳይ በጽሑፍ ብቻ ማስረዳት ስለሚከብድ፣ አንድ ቀን ከመምሸቱ በፊት በአጎቷ ሱቅ ደጃፍ ተገናኘን። ፎቶው የተነሳው በሚያዝያ መጀመሪያ ከቀኑ 7 ሰዓት አካባቢ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነበር። ሐረር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በቀትር በቀጥታ ከአናት በላይ የምትሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ ነው። ልጅቷ ያነሳችው ልክ በዚያ ወቅት ነውና ብርሃኑ ከላይ ወደ ታች ወርዶ መንገዱ ላይ ሙሉ በሙሉ ተደፍቷል፤ በሸራው ሥር የነበሩት አጎቷ ግን ከዚያ ብርሃን የደረሳቸው በጣም ጥቂት ነው።

እሷ የቆመችው ከሱቁ ውስጥ፣ ጀርባዋን ለጣቃዎቹ ሰጥታ ወደ መንገዱ እያየች ነበር። የስልክ ካሜራ ብዙ ጊዜ ብርሃንን የሚለካው በፍሬሙ ውስጥ ያለውን ሁሉ አማክሎ ወደ መካከለኛ ግራጫ እንዲጠጋ በማድረግ ነው። ሰፊው የፍሬሙ ክፍል የሚያበራ መንገድ ከሆነ ስልኩ ምስሉን በሙሉ ያጨልመዋል፤ በጥላ ያለው ፊት ደግሞ አብሮ ይጨልማል። ይህ የስልኩ ብልሽት አይደለም፤ ካልተነገረው ፊቱን ከመንገዱ አስበልጦ ላያይ ይችላል። የሚነግረው አንሺዋ ናት። በብዙዎቹ ስልኮች ፊቱ ላይ ጣት ማሳረፍ፣ እስኪቆለፍ ድረስ ሳይለቁ መያዝ፣ ከዚያም በጎን የምትታየውን ትንሽ የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ መግፋት ብቻ ይበቃል። ይህን ስታደርግ የአጎቷ ፊት በስክሪኑ ላይ ሲበራ፣ መንገዱ ደግሞ ሲነጣ በዓይኗ አየች። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማግኘት እንደማይቻል፣ ምርጫ እንዳለበትና ምርጫውም የእሷ እንደሆነ በዚያች ቅጽበት የተረዳችው ይመስለኛል። «ስለዚህ መንገዱን የማጣው በማንኛውም መንገድ ነው?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር።

መልሱ የአቋም ቦታን መቀየር ነው። ወደ መንገዱ ወጥታ ወደ ሱቁ ዞራ ብትቆም፣ የማዶው ነጭ ግድግዳ የተቀበለውን ብርሃን መልሶ በአጎቷ ፊት ላይ ይጥለዋል፤ ከኋላቸውም የሚኖረው የሱቁ ጨለማና የተደረደረው ጣቃ ይሆናል። የሐረር ጠባብ መንገዶችና በኖራ የተቀቡ ግድግዳዎቻቸው ስቱዲዮ ውስጥ በገንዘብ የሚገዛውን የብርሃን ማንጸባረቂያ በነጻ ያቀርባሉ፤ ይህን የከተማችን ፎቶ አንሺዎች በበቂ ሁኔታ የተጠቀሙበት አይመስለኝም። ሰዓቱም ቢሆን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ በእነዚህ ሰዓታት ፀሐይ ከጎን ስለምትመጣ ብርሃኑ ከግድግዳው ተመልሶ ፊትን በጎን ያገኘዋል፤ በቀትር ግን ከመሬት ወደ ላይ ስለሚመለስ አገጭን አብርቶ ዓይንን ያጠላል። ነገር ግን ከመንገዱ ወደ ሱቁ ዞሮ የተነሳ ፎቶ ላይ መንገዱ የለም። ልጅቷ ከሱቁ ውስጥ የቆመችበት ምክንያት ደግሞ መንገዱን ስለፈለገችው ነበር፤ አጎቷ የሚሠሩት አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ሕዝብ በሚያልፍበት ደጃፍ መሆኑን ለማሳየት። ይህን ስትናገር አጎቷ ከመኪናው ቀና ብለው «እኔ ደግሞ ልታነሳኝ ነው ብዬ ፎቶ ለመነሳት ተስተካክዬ ነበር። እሷ ግን መርፌውን እይ አለችኝ» አሉን።

ይህ ሁለተኛው ግኝት ነው። ጎንበስ ያለው ራስ፣ የጣቶቹ አቀማመጥ፣ ተመልካችን ከመርፌው ወደ ጨርቁ፣ ከጨርቁ ወደ ሴትየዋ እጅ የሚመራው መስመር በአጋጣሚ የመጣ አልነበረም። ልጅቷ አውቃ ያደረገችው ነው። ፍሬሙን በሦስት የመክፈል ሕግ አልተጠበቀም የተባለውም ለዚህ ነው፤ መርፌው መሐል ላይ የሆነው ሁለቱ እጆች በግራና በቀኝ እንዲመዛዘኑ ነው። ሕጉን እንድትከተል ብንመክራት ኖሮ አንዱን እጅ ማውጣት ነበረባት።

በዚያው ምሽት፣ ከመኪና ግርግር ብዙም በማይርቀውና ሕዝቡ ራምቦ ቤት በሚለው ሙዚየም ስላሉት የድሮ ሐረር ፎቶዎች ተነጋገርን፤ ከትምህርት ቤት ጋር ሄዳ አይታቸዋለች። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በሐረር የንግድ ወኪል በነበረበት ጊዜ፣ እሱም በፎቶ ጀማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ያነሳቸውን የራሱን ፎቶዎች ለቤተሰቡ ልኮ ነበር። በደብዳቤው ላይ ምስሎቹ የነጡት ለማጠቢያ በተጠቀመበት መጥፎ ውሃ ምክንያት እንደሆነ ገልጾ፣ ወደፊት የተሻለ እንደሚሠራ ጽፏል። ይህን የነገርኳት ለማጽናናት አይደለም። ሰውየው የጻፈው ፎቶው መጥፎ እንደሆነ ሳይሆን ምን እንዳበላሸው ነው፤ ውሃ ደግሞ ሊቀየር የሚችል ነገር ነው።

የተጻፈው አስተያየት

ሦስታችን ተወያይተን የላክነው አስተያየት የሚከተለው ነበር፦

«በዚህ ፎቶ ላይ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው በአጎትሽ ጣቶች ላይ ነው፤ ቀጥሎም ጨርቁን ተከትሎ ወደ ሴትየዋ እጅ ይሄዳል። ይህን መስመር ያበጀሽው አንቺ ነሽ። አጎትሽን ወደ መርፌው እንዲያዩ ስለነገርሻቸው ሥራቸውን ሳያቋርጡ አገኘሻቸው። ይህን ልማድ አትተዪው።

«ፎቶውን የጎዳው ብርሃኑ ነው። ከሱቁ ውስጥ ስለቆምሽ ከአጎትሽ በስተኋላ ያለው መንገድ ከፊታቸው ይልቅ እጅግ ያበራል፤ ስልክሽም ለመንገዱ አድልቶ ፊታቸውን አጨለመ። በኋላ ሁሉንም አንድ ላይ ስታበሪው መንገዱ ጠፋ፣ ፊታቸውም ሻከረ። በሚቀጥለው ጊዜ ከማንሳትሽ በፊት ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣና አንቺ በየትኛው ወገን እንደቆምሽ ተመልከቺ። በዚህኛው ፎቶ ላይ ደግሞ ካልተነካው ፋይል ተነስተሽ የጨለመውን ክፍል ብቻ በትንሹ አብሪው፤ የሚያበራውን ተዪው።

«የሴትየዋን ፊት ማስቀረትሽ ትክክል ነው። ማስቀረቱ ግን ለኋላ ባይቆይ ይሻላል፤ ስልክሽን ወደ ስፌት መኪናው ጠረጴዛ ዝቅ አድርገሽ ብታነሺ ፊታቸው ከፍሬሙ በላይ ይቀርና እጃቸው እስከ ክርናቸው ይገባል። ፊታቸው ያለበትን ፋይልም ከስልክሽ ላይ አጥፊው።»

ስለ ፒክስልና ስለ ቴሌግራም የሚመለከተው ነገር በዚህ አስተያየት ውስጥ አልገባም፤ ለሁሉም ተወዳዳሪዎች በተላከ የአላላክ መመሪያ ላይ ተጻፈ። ስለ ፍሬም አከፋፈል ምንም አልተባለም።

በዚህ ላይ ሁለተኛው ገምጋሚና እኔ እስከ መጨረሻው አልተስማማንም። የእሱ አቋም፣ ጀማሪ የሆነ ሰው ጉድለቱን በሙሉ በአንድ ጊዜ መስማት አለበት፣ ሥራ ሲጀምር ደንበኛ ቀስ እያለ አይነግረውም የሚል ነው። እውነት አለው፤ ለደመወዝ ለሚሠራ ረዳት ቢሆን ኖሮ እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር። ለዚህች ልጅ ግን ነጥቦቹን መቀነሱ ለስሜቷ ከመጠንቀቅ የመጣ አይደለም። ብርሃን በየት በኩል እንደሚመጣ ማየት ከጀመረች የቀሩት ሁለት ሦስት ጉድለቶች አብረው ይቀንሳሉ፤ በሌላ በኩል አምስት ነገር ተነግሯት አምስቱንም በሚቀጥለው ፎቶ ለማስተካከል ብትሞክር፣ የምታጣው ያንን በሁለት እጆች መካከል ያለውን ጨርቅ ያየችበትን ትኩረት ነው።

ከዚያ በኋላ

ፎቶው አልተሸለመም። ከተሸለሙት ሥራዎች ጋር ሲነጻጸር መሸለምም አልነበረበትም፤ ይህንንም ልጅቷ ስትጠይቀኝ በግልጽ ነግሬያታለሁ፤ ምክንያቱም አስተያየቱ ከልብ የተሰጠ መሆኑን የምታምነው ውጤቱ ካልተሸፋፈነላት ነው ብዬ አምናለሁ። ጨለማው ክፍል ብቻ በጥንቃቄ እንዲበራ የተደረገበት አዲሱ እትም ግን ከሌሎቹ ጋር ታትሞ ተሰቅሏል፤ ድንጋዩም የአህያዋ እግርም ይታያል።

ጥቂት ቆይታ ሌላ ፎቶ አሳየችኝ። ይህኛው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከመንገዱ በኩል የተነሳ ነው። የአጎቷ ፊት በማዶው ግድግዳ ብርሃን ሙሉ በሙሉ ይታያል፣ ቆዳቸውም በትክክለኛው ቀለሙ ወጥቷል። በቴክኒክ ረገድ ከመጀመሪያው እጅግ የተሻለ ነው። እኔ ግን ምርጫ ቢሰጠኝ የመጀመሪያውን እወስዳለሁ፤ በሁለተኛው ላይ ደንበኛ የለም፣ መንገድም የለም፣ ዩኒፎርሙ የማን እንደሆነ የሚጠቁም ነገር የለም። ይህንኑ ስነግራት እንደምታውቀውና ሁለቱን የሚያገናኝ ቦታ ከደጃፉ ምሰሶ አጠገብ በአግድም እየፈለገች እንደሆነ ነገረችኝ።

የአዘጋጆቹ ቅጽም ተለውጧል። ቀድሞ ለውጤትና ለአስተያየት ብቻ ቦታ የነበረው ሲሆን፣ አሁን ተወዳዳሪው ምን ለማሳየት እንዳሰበና ከየት ሆኖ እንዳነሳ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚጽፍበት ክፍል ተጨምሮበታል፤ ገምጋሚዎችም ይህን ሳያነቡ አስተያየት አይጽፉም። ዋናውን ፋይል የማቅረብ ግዴታው እንዳለ ሆኖ፣ በምስሉ ውስጥ ያለ ሰው ፊቱ እንዳይታይ ከጠየቀ ተወዳዳሪው የተቆረጠውን ምስል ብቻ እንዲያቀርብ የሚፈቅድ አንቀጽ ገብቷል።